ያልተተከለው ድንኳን

ወንድሜ ሪፍዓት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ሰኒያ ደግሞ የወንድሜ ጋሻ ነበርኩ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ተማሪዎቹም ይስቁብኝ ነበር። ጠዋት ከቤት ስንወጣ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን፣ ቅርጫቴን በራሴ ተሸክሜ፣ ጥቁር መጎናጸፊያዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ በሸንኮራ አገዳው ማሳና በቦዩ መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ እንሄዳለን። ያላወቀ ሰው ቢያየን እኅቲቱ ገበያ ወጥታ ወንድሟ መንገድ ላይ የገጠማት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በእኛ በላይኛው ግብፅ ሰው ደም ቢፈላለግም እንኳ ከሴት ጋር በሚሄድ ወንድ ላይ አይተኩስም። ነውር ነው። ጥይቱ ስቶ የሴት ቀሚስ ቢነካ ያ ሰው ደሙን መለሰ አይባልም፤ ዕድሜ ልኩን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ቀሚሴን ለብሼ ከፊቱ እሄድ ነበር።

እፈራ ነበር ወይ? ወላሂ እፈራ ነበር! የሸንኮራው ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ትወጣለች። ሸንኮራ ደግሞ መንኮሻኮሽ አመሉ ነው፤ ነፋስም አይፈልግ። ቁመቱ ሰው ቆሞ የሚደበቅበት ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ፣ መንገዱን በሙሉ ቁርዓን እየቀራሁ ነበር የምሄደው። ሪፍዓት ከኋላዬ፣ “እትዬ፣ ቀስ በይ፤ ሮጥሽ እኮ” ይለኛል። “አንተ ዝም ብለህ ጥላዬን እየረገጥክ ና!” እለዋለሁ። የጠዋት ወጋችን ይኸው ነበር።

ጣጣውን ያመጣብን ታላቃችን ሐጃጅ ነው። ሐጃጅ የእናቴ በኩር ነው፤ መንደሩ በሙሉ እናቴን የሚጠራት “የሐጃጅ እናት” እያለ ነው። መጠሪያ ሰጣት፣ ሌላ ግን ምንም አልሰጣት። ሐሺሽ ያጨሳል፣ ይደባደባል፣ ወራት ጠፍቶ ከርሞ ልብሱ ተቀዳዶ ይመጣል። እሷ ግን ሲመጣ የምታስቀምጥለትን ቁራሽ ከእኛ አፍ ነበር የምትነጥቀው። አንድ የበጋ ቀን በመስኖ ተራ ከበድራን ቤት ሰዎች ጋር ተጣላ። ተራው የመኽሉፍ ነበር። መኽሉፍ የበድራኖች ልጅ፣ ጨዋ፣ ሰው ሁሉ የሚመርቀው ወጣት ነው። ሐጃጅ ውሃውን ወደ እኛ ማሳ ለቀቀው፤ መኽሉፍ መለሰው፤ ሐጃጅ ዶማውን አነሳ። በቃ። አንዴ ነው የመታው። መኽሉፍ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፣ ሐጃጅም ዶማውን ጥሎ በዚያው ሄደ። ስዊዝ ወደብ ላይ ሸክም ይሸከማል የሚል ወሬ በኋላ ደረሰን። ፖሊስ ፈልጎ አላገኘውም፤ አልፈለገውም ብል ይሻላል።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ደጁ ላይ ድንኳን ይተክላል፣ ቁርዓን ይቀራል፣ ሰው እየመጣ እጅ እየጨበጠ “አላህ ያጽናችሁ” ይላል። የሞተው ሰው የተገደለ ከሆነ ግን ድንኳን የለም። ደሙ ሳይመለስ መጽናናት ውርደት ነው። ወንዶቹ ፂማቸውን አይላጩም፣ ሴቶቹ ሻያቸውን በስኳር አይጠጡም፣ ለመንደሩ ሹም ለኡምዳውም ለሼኽም “የሞተብን ሰው የለም” ይላሉ። ድንኳኑ የሚተከለው ደሙ የተመለሰ ቀን ነው። ለመኽሉፍም ድንኳን አልተተከለም። በድራኖች ደጅ ላይ ያለው ባዶ ሜዳ እንዲሁ ባዶውን ቀረ፤ እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያን ሜዳ አያለሁ፣ ባዶ መሆኑን ሳይ “አልሐምዱሊላህ” እላለሁ።

ሽማግሌዎች ለእርቅ ሄደው ነበር። የመኽሉፍ እናት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯን እንደበተነች፣ “ያ ሐሺሻም ለመኽሉፌ ምትክ ሊሆን? እሱን ብወስድ ምን ወሰድኩ? የኔ ልጅ የቤታችን ዓይን ነበር፤ ከእነሱም የሚወጣው ዓይናቸው ነው” አለች። መንደሩ በሙሉ ሰማ። የእኛ ቤት ዓይን ማን እንደሆነ ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ሪፍዓት ማለት እኮ ጥንቸል ሲታረድ ማየት የማይችል ሰው ነው! እናቴ ጥንቸል ልታርድ ስትል ቀድማ ሱቅ ትልከዋለች። ዝይ ይፈራል፤ የጎረቤታችን የዋሂባ ዝይ እስከ ትልቅ ሰውነቱ ድረስ ታባርረው ነበር። ከመንደራችን አስዩጥ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው። ሲመለስ መነጽር አድርጎ፣ በዚያ ሐሩር ከረባት አስሮ መጣ። ከረባቱን ያየች አንዲት አሮጊት፣ “ምነው ልጄ፣ ማን አሰረህ?” ብላዋለች። እሱ ግን የሚወደው ያንኑ ጠመኔና ሰሌዳውን ነው። የገበሬ ልጆች በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሰበር ከአፋቸው ሲወጣ ፊቱ ይበራል፤ ሌላ ደስታ አላውቅበትም።

ካይሮ ይሂድ ብለን ያላለቀስነው ለቅሶ የለም። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃለች። “እማ፣ እኔ ብሄድ ጣታቸው የሚያርፈው የአጎቴ ልጅ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ሦስት ሕፃናት አሉት” አላት። “ሦስት ሕፃናት ይኑሩት! አንተ የኔ ሕፃን ነህ!” ብላ ጮኸች። አልሄደም። እኔም ያኔ ነው ቅርጫቴን አንስቼ “እንግዲያው ከፊትህ እሄዳለሁ” ያልኩት።

ትምህርት ቤት ስንደርስ እሱ ክፍል ይገባል፤ እኔ ከመስኮቱ ሥር፣ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ እቀመጣለሁ። ምስር እለቅማለሁ፣ ቀሚስ እዘመዝማለሁ፣ ጆሮዬ ግን መንገዱ ላይ ነው። ተማሪዎቹ “ወታደር ሰኒያ መጣች! ሰላምታ ስጡ!” ይላሉ። “ወታደርስ ደሞዝ አለው፣ እናንተ ውርጋጦች!” እላቸዋለሁ። እነሱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ የመንግሥት ፈተና ደርሶባቸዋል። የዚያን ሰሞን ሪፍዓት የያዘው ትምህርት አንድን ሥራ ሰው ራሱ ሲሠራና ሌላ ሰው ሲያሠራ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚለያይ ነበር። ተማሪው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው ይላል።

“‘ትናንት ፀጉሬን ቆረጥኩ’ በሉልኝ በእንግሊዝኛ” አለ።

አንዱ ተነስቶ አንበለበለው።

“መቀሱን የያዝከው አንተ ነህ?”

“ኧረ አይደለሁም ኡስታዝ፤ ሰቢት ነው።” ሰቢት የመንደራችን ፀጉር ቆራጭ ነው።

“ታዲያ ሰቢት የት ሄደ? የሰውየውን ድካም ቀምተህ ለራስህ ወሰድከው እኮ!”

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ከታች ሳቅሁ።

“እንዲህ ያልከው እንግሊዛዊ፣ መስታወት ፊት ቆመህ በገዛ እጅህ ራስህን ስትቆራርጥ ነው የሚታየው። በእኛ አፍ ያሠራውንና የሠራውን እንደባልቃቸዋለን። ‘ኡምዳው ቤት ሠራ’ እንላለን። ኡምዳው ጡብ አንስቶ ያውቃል?”

“የሻይ ብርጭቆም አንስቶ አያውቅ!” አለ አንዱ። የመንደራችን ሹም ስንፍናው የታወቀ ነው።

“ጎበዝ። ስለዚህ አሠራ ለማለት መጀመሪያ ‘ሃቭ’፣ ቀጥሎ የተሠራው ነገር፣ መጨረሻ ላይ የግሡ ሦስተኛ መልክ። ‘አይ ሃድ ማይ ሄር ከት።’ ፀጉሩ መሃል ይቀመጥ! ከመሃል አውጥታችሁ ወደ መጨረሻ ከገፋችሁት ‘ቀድሞ ራሴ ቆርጬው ነበር’ ሆኖ ያርፋል። ሰቢትም ከሥራ ተባረረ ማለት ነው።”

ከዚያ ደግሞ ሰው በሰው ሲያሠራ የሚለውን አመጣ። “‘ሜክ’ ካልክ አስገድደኸዋል። እናቴ የጉሎ ዘይት አጠጣችኝ የምትለው በሱ ነው፤ አፍንጫህን ይዛ ነዋ! ‘ጌት’ ካልክ ለምነህ፣ አባብለህ ነው ያሠራኸው። እሱ ላይ ‘ቱ’ የምትለዋን አትርሱ፤ ለማኝ ቃል ያበዛል። ‘ሌት’ ካልክ ደግሞ ምንም አላደረግህም፤ አልከለከልክም፣ በቃ።”

“ኡስታዝ፣ እትዬ ሰኒያ አንተን በየትኛው ነው የምታስሄድህ?” አለ አንድ ባለጌ።

“በ‘ሜክ’!” አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

“በጫማ ነው!” አልኩ ከመስኮቱ ሥር። ጠረጴዛ እየደበደቡ ተንከተከቱ፤ ሪፍዓትም ሳቀ። ያቺን ሳቁን እወዳታለሁ፤ በዚያን ወቅት እንደ ዝናብ ናፍቃኝ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ። ፈረጅ ነው። የመኽሉፍ ታናሽ ወንድም። ፂሙ ገና ጉም ብቻ ነው፤ እሱም ግን አልተላጨም። ሁልጊዜ ከኋላ ይቀመጣል፣ ጠይቆ አያውቅም፣ ተጠይቆም ቆጥቦ ነው የሚመልሰው። ሪፍዓት በርትቶ ያስተምረው ነበር፤ “አእምሮው ስለት ነው፣ እትዬ” ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ስለት የሚለውን ቃል ከዚያ ቤት ልጅ ጋር መስማት አልወድም።

“ኡስታዝ” አለ ፈረጅ። “ሰውን ራሱ ያልገደለ፣ ሌላ ሰው ልኮ ያስገደለስ? እሱም እንዲሁ ነው የሚጻፈው?”

የምስር ትሪው ከጭኔ ተንሸራቶ ምስሩ አፈር ላይ ፈሰሰ። ጠመኔው ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሰማሁ።

“እንዲሁ ነው የሚጻፈው” አለ ሪፍዓት። “ግን ፈተና ላይ አይመጣም።”

“ቢመጣስ?”

“ቢመጣ ሁለት ሰው ትጽፋለህ። ያሠራውንና የሠራውን። ሌላ ሰው አታስገባም።”

እኔ አፈሩ ላይ ተንበርክኬ ምስሬን በጣቴ አንድ አንድ እያልኩ እለቅማለሁ። ‘እንዴት ይጻፋል’ ይላል ደግሞ! ያልገደለ፣ ያላስገደለ፣ ጥንቸል እንኳ ያላረደ ሰው የሚሞትበትስ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው? ብሎ የሚጠይቅለት ተማሪ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሪፍዓት ከወትሮው ይበልጥ ተጠግቶኝ ሄደ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

“እትዬ፣ ምን ነካኝ? ዝም ብል ምን ነበረበት?”

“ምን አልከው? ስለ ትምህርቱ ነው ያወራኸው።”

“ፈራሁ እኮ። ፈርቼ ነው የመለስኩለት። ፈሪ ሰው ደግሞ አፉን አይጠብቅም።”

“ሁላችንም ፈርተናል። ሂድ፣ ጥላዬን እየረገጥክ” አልኩት። ሸንኮራው በቀኛችን ያ የተረገመ መንኮሻኮሹን ያሰማል። እኔ ግን ያን ቀን ቁርዓኑም ጠፋብኝ፤ “ያ ረቢ፣ እሱን አይሁን፣ እሱን አይሁን” ብቻ ነበር የምለው። ከዚያ በኋላ በየሶላቴ የምለምነው ያቺኑ ብቻ ሆነ። እናቴም ያቺኑ ነበር የምትለምነው፤ ምንጣፉ ላይ ተደፍታ ስታጉተመትም እሰማታለሁ።

የአጨዳው ወቅት መጣ። አጫጆች ከየመንደሩ ተሰብስበው ሸንኮራውን ይጥሉት ጀመር። በየቀኑ መንገዱ እየተገለጠ ሄደ። መጀመሪያ የመስኖው ፓምፕ ቤት ታየ፣ ቀጥሎ የባቡሩ ሐዲድ፣ በመጨረሻ ከጣሪያችን ላይ ሆኜ ትምህርት ቤቱን እስከ ባንዲራው ማየት ቻልኩ። ከማሳው ላይ ድርቆሽና ወፍ ብቻ ቀረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አንድ ትልቅ ድንጋይ ከደረቴ ላይ የወረደ መሰለኝ።

“እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ቤት እረፊ” አለኝ ሪፍዓት እራት ላይ።

“ምን ሆነህ ነው?”

“አሁን ማን የት ይደበቃል? ሐዲዱ ድረስ ይታያል። ልጆቹ እኮ ሳቁብኝ፣ በሴት ቀሚስ ተጠልሎ ይሄዳል እያሉ።”

“ይሳቁ! ሳቅ ሰው ገድሎ ያውቃል?”

እናቴን ዞሬ አየኋት፣ ታግዘኛለች ብዬ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ የእራቱን ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ቆይታ፣ “ተይው ሰኒያ፤ አንገቱን ደፍቶ ከሚኖር...” ብላ ጀመረችና ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች። እኔም እሺ አልኩ። አልወደድኩትም፣ ግን እሺ አልኩ።

በማግስቱ ብቻውን ወጣ። ጣሪያ ላይ ቆሜ ነጭ ሸሚዙ ከፓምፑ ቤት ጀርባ እስኪጠፋ፣ ከዚያ ደግሞ ወዲያ ማዶ እስኪወጣ ድረስ አየሁት። የትምህርት ቤቱ በር ዋጠው። እፎይ አልኩና ሊጤን ላወጣ ወረድኩ። የእኛ ዳቦ ፀሐይ ላይ ነው የሚኮፈሰው፤ ሊጡን ድቡልቡል እያደረግን ጣሪያ ላይ እንደረድረዋለን። እናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ለሪፍዓት ምሳ ርግብ ትነጫለች። አልፎ አልፎ ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ መኽሉፍ ከሞተ ወዲህ አንጎራጉራ አታውቅም።

ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ሊጡን ልገለብጥ ወጣሁ። ቀና ስል ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ በድራኖች ደጅ ሄደ። ሰቢት እዚያ ነው። ፀጉር ቆራጩ። ሳህኑንና ሳሙናውን ዘርግቷል። የበድራን ወንዶች ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፣ አገጫቸው በአረፋ ነጥቷል፣ ሰቢት አንዱን ይላጫል።

‘አይደለም’ አልኩ ለራሴ። ‘ሰርግ ሊኖራቸው ይችላል።’ ሞት ይርሳኝ፣ ምን ሰርግ! ወዲያው የመዶሻ ድምፅ መጣ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ሰዎች ምሰሶ ይተክላሉ። ከጋሪ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ አውርደው ዘረጉት። ድንኳኑ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ ከታች እናቴ ቀና ብላ ፊቴን አየች። አንዲት ቃል አልነገርኳትም። መዶሻውን ሰማችው። ርግቧን ከጭኗ ጣለች።

“ድንኳን ነው?” አለች።

“እማ...”

“ልጄን! ልጄን በሉት! ዓይኔን አወጡት!”

እኔ ጫማ ላድርግላት ስል እሷ ከግቢው ወጥታለች። ያቺ ጉልበቷን ያማት የነበረች ሴት በቦዩ ዳር ስትሮጥ አልደርስባት አልኩ። ላባ እጇ ላይ ተጣብቆ፣ መጎናጸፊያዋ ትከሻዋ ላይ እየተንጠለጠለ ትሮጣለች። ሴቶች ከየደጃፉ ብቅ አሉ። አንዳንዷ በሯን ዘጋች። የዝይዋ ባለቤት ዋሂባ ብቻ መንገድ ላይ ወጥታ ደረቷን መታች፤ “የሐጃጅ እናት! እኅቴ! አላህ ያጽናሽ!” ብላ ጮኸች። እሱን ስሰማ የቀረችኝ ትንሽ ተስፋ ጥላኝ ሄደች። መንደሩ አውቋል። እኛ ነን የመጨረሻዎቹ። ‘እሺ ያልኩት እኔ፣ ቀሚሴን ቤት ያስቀመጥኩት እኔ’ እላለሁ። ከፓምፑ ቤት ጀርባ ሳንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እዚያ ነው የወደቀው ብዬ። ስከፍተው ድርቆሽ ብቻ ነው። አንድ የደም ጠብታ የለም።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባን። ዘበኛው “ምን ሆናችሁ?” ቢል አልፈነው ሄድን። ግቢው ጭር ብሏል። እናቴ ቁርቁራው ሥር ስትደርስ ቆመች፤ እኔም ቆምኩ። ለመግባት ፈራን። የሚገባ ነገር አይደለማ! በዚያ ዝምታ ውስጥ ከመስኮቱ ድምፅ ወጣ።

“መሃል! ፀጉሩ መሃል ይቀመጥ አላልኩም? ታዲያ ሰቢት የት ሄደ?”

የሱ ድምፅ ነው። የሪፍዓት። እየተቆጣ፣ እየቀለደ፣ በሕይወት ያለ።

እናቴ መስኮቱን ይዛ ተንጠለጠለች። አየችው። ከዚያ እልል አለች። እንዲያ ያለ እልልታ ከእናቴ ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ በማንም ሠርግ እንዲያ አላለችም። ተማሪዎቹ ደንግጠው ተነሱ፤ ምን እንደሆነ ባያውቁም ጠረጴዛ እየመቱ አብረው ጮኹ። እኔም አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ፤ በእጄ ዛፉን እመታለሁ። ሪፍዓት ጠመኔውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ።

“ምንድን ነው? እማ? እትዬ፣ ምን ሆናችሁ?”

“አለህ! አንተ የማትረባ፣ አለህ እኮ!” ብዬ ደረቱን ደበደብኩት። “ገደሉት ብለን ነፍሳችን ወጥታ ነበር! በድራኖች ድንኳን ተክለው፣ ፂማቸውን ተላጭተው...”

“ድንኳን ተከሉ?”

“አዎ!”

“ሲላጩ አየሽ? በዓይንሽ?”

“በዓይኔ! ሰቢት ነው የላጫቸው። ምን ታደርቀኛለህ፤ አላህን አመስግን እንጂ!”

አልሳቀም። ዞሮ በመስኮቱ ወደ ክፍሉ ውስጥ ተመለከተ። እኔም ዓይኑን ተከትዬ አየሁ። ከኋላ ወንበር፣ የፈረጅ ቦታ ባዶ ነው።

“እትዬ” አለኝ። “እኔ እዚህ ነኝ። ታዲያ ማንን አግኝተው ነው ድንኳን የተከሉት?”

የዋሂባ ጩኸት ጆሮዬ ላይ ተመለሰ። የሐጃጅ እናት ነበር ያለቻት። ሁልጊዜም ነው እንደዚያ የምትላት፤ ስለዚህ አልሰማኋትም። ሪፍዓትም ለፈረጅ ‘ሌላ ሰው አታስገባም’ ብሎት ነበር። እናቴ ሁለት ወንድ ልጆች ነው ያሏት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስንለምን፣ እሱን አይሁን ስንል፣ ሌላው ማን እንደሆነ አንዳችንም አላሰብንም። ስዊዝ ያለው ልጅ። ቁራሽ ከአፋችን እየነጠቀች የምታስቀምጥለት።

እናቴ እልል ትላለች። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ግቢውን እየዞረች እልል ትላለች። ድምፅዋ በታጨደው ማሳ ላይ ምንም የሚከለክለው ነገር አጥቶ እስከ በድራኖች ድንኳን ድረስ ይሄዳል።

“እማ፣ ይብቃሽ” አላት ሪፍዓት።

“አይበቃኝም! ይስሙ! መንደሩ ይስማ! በድራኖች ይስሙ!”

ሄዶ አቀፋት፣ በጠመኔ የነጣ እጁን አፏ ላይ ጫነ። እሷ ቀልድ መሰላት። መዳፉን ሳመችው፣ ጭንቅላቷን ከእጁ አስለቀቀችና እንደገና እልል አለች።